ተመርቄ ቡሬ ስገባ ከሥራ ፍለጋ በፊት የጠበቀኝ ሥራ

ተመርቆ ቤቱ የገባ ልጅ ምክር አያጣም። ሲቪሽን አሳምሪ፣ እንግሊዝኛሽን አሻሽይ፣ ባንክ ሞክሪ፣ ከጓደኞችሽ ጋር ተደራጂ። መጥፎ ምክር አይደለም። ግን ሁሉም ስለ ነገ ነው። እኔ ጎጃም ስመለስ የጠበቀኝ አብዛኛው ጉዳይ የትናንት ነበር። እኔ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሆኜ ያለፈ ነገር። የሞተ አለ። የተወለደ አለ። የተሸጠ በሬ አለ። ማንም ያልነገረኝ ብድር አለ።

ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ሻንጣቸውን ጠቅልለው ወደ ቤት ለሚገቡ ነው። በተለይ እንደ እኔ ግቢያቸው ሩቅ ለነበረ። ሥራ ፍለጋው ትንሽ ቢዘገይ ምንም አይደለም። መጀመሪያ ቤታችሁ የት እንደደረሰ እወቁ። እንዲያውም እኔ የመጀመሪያ ገቢዬን ያገኘሁት በዚሁ መንገድ ነው። ወደ እሱ እመጣለሁ።

የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። ዩኒቨርሲቲው ደቡብ ነበር። ቤታችን ደግሞ ቡሬ ከተማ አጠገብ፣ ገጠር ቀበሌ ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከግቢ አዲስ አበባ አንድ ቀን፣ አዳር፣ ከዚያ ዓባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ፣ በደጀን በደብረ ማርቆስ አድርጎ ሌላ ቀን። ትራንስፖርቱ ውድ ነው። በኮሮና ጊዜ ግቢ ሲዘጋ ወራት ቤት ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ እስክመረቅ ድረስ አልመጣሁም። የተመረቅኩት ሐምሌ 2014 ነው።

የደረስኩት አመሻሽ ላይ ነበር። እናቴ እግሬን አጠበችኝ። ራት በላሁ፣ ቡና ተፈላ። አያቴ የለችም። «አክስትሽ ጋ ሄዳለች» አሉኝ። ግቢ ሆኜ ስደውልም የሚሰጡኝ መልስ ይኸው ነበር። «አያቴን አቅርቡልኝ» ስል አንዴ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ አንዴ ተኝታለች፣ አንዴ አክስቴ ጋ ናት። ኔትወርኩም ስለማይረዳ ብዙ አልጠየቅኩም።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ በር ተንኳኳ። የንስሐ አባታችን ገቡ። አጎቴ ገባ። ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተከተሉ። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው በማለዳ ስለሆነ ማንም ሳይናገር ገባኝ። አያቴ የሞተችው በሚያዝያ፣ ከፋሲካ በኋላ ነው። እኔ የመመረቂያ ጽሑፌን ስጽፍ። አርባዋ ወጥቷል፣ ተዝካሯም ተበልቷል።

አባቴን ለምን እንደደበቀኝ ጠየቅኩት። «ትምህርትሽን ጥለሽ ብትመጪስ?» አለኝ። ለእሱ ይህ በቂ መልስ ነው። ለእኔ አሁንም በቂ አይደለም። እንደማስበው ግማሻችን በዚህ ተጎድተናል። ዶርማችን ውስጥ ከነበርነው መካከል ቤት ሲገባ መርዶ የጠበቀው እኔ ብቻ አልነበርኩም። ተማሪ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ እባካችሁ ንገሩን። እናለቅሳለን፣ ጓደኛ ያጽናናናል፣ ከዚያ እንፈተናለን። ደብቃችሁን ግን እኛ ስናለቅስ እናንተ ለቅሶውን ጨርሳችኋል። ብቻችንን ነው የምናለቅሰው።

ለተመራቂዎች የምለው ይህን ነው። ከግቢ ከመነሳታችሁ በፊት ለአንድ ለምታምኑት ሰው ደውሉ። ለአጎት ልጅ ወይም ለልጅነት ጓደኛ። «የማላውቀው ሞት አለ ወይ?» በሉት። ላይነግራችሁ ይችላል። እሱም ቃል አስገብተውት ይሆናል። ድምፁን ስትሰሙ ግን መገመታችሁ አይቀርም። ደግሞ የመጀመሪያውን ሳምንት ባዶ አድርጉት። ጓደኞቼ «በሳምንቱ አዲስ አበባ እንገናኝና አብረን ሥራ እንፈልግ» ተባብለው ነበር። እኔ ቀረሁ። ደግ አደረግኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ከእናቴ ጋር ለቅሶ ስንደርስ ከረምን። የእኛ ብቻ አይደለም። ግቢ እያለሁ የሞቱ የጎረቤት አባቶች፣ የክርስትና ዘመዶች፣ በወሊድ የሞተች አንዲት አብሮ አደጌ። በገጠር የቀረ ለቅሶ ጊዜ አያልፍበትም። ዓመት አልፎትም ብትሄዱ ያለቅሳሉ፣ ያመሰግኗችኋል። ባትሄዱ ግን ሰላምታው ይቀዘቅዛል። ለምን እንደቀዘቀዘም ማንም አይነግራችሁም።

እዚህ ላይ እናቴን ባልይዝ ኖሮ አልችለውም ነበር። ማን ለአያቴ ለቅሶ እንደመጣ፣ ማን ንፍሮ ቀቅሎ እንዳመጣ፣ ማን ድንኳን ውስጥ እንዳደረ፣ ሁሉም በቃሏ ነው። ቅደም ተከተሉን ያወጣችው እሷ ናት። መጀመሪያ ለእኛ የደረሱ፣ ቀጥሎ ሐዘናቸው የከበደ፣ ከዚያ ሌላው። ቡናና ስኳር እንይዛለን። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ መቀመጥ ነው። ብዙ ማውራት አያስፈልግም። ስልክ ግን ከኪስ አይወጣም። አንድ ቀን ቴሌግራሜን ሳይ እናቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

ሁሉም ሐዘን አልነበረም። በዚያው መንገድ ላይ የወለዱትን ጠየቅን። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ስል ከፊቴ የተቀመጠችው ስምንተኛ ክፍል ድረስ ከእኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ የነበረች ልጅ ናት። ሁለተኛ ልጇን ታቅፋለች። ተያየንና ሳቅን። «አንቺ ዲግሪ ወለድሽ» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

በነሐሴ የመጣ ሰው ዕድለኛ ነው። ፍልሰታ ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ሕፃን አዋቂው ይጾማል፣ ቅዳሴው በየቀኑ ነው። ቤት ለቤት ብሄድ የማላዳርሰውን ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አገኘሁት። ሰላምታውንም፣ ወሬውንም፣ «አደግሽ» መባሉንም እዚያው ጨረስኩ። ሙስሊም የሆነችው የዶርም ጓደኛዬ ደሴ ቤቷ ስትገባ ዒድ ላይ ተመሳሳይ ነገር እንደገጠማት ነግራኛለች። በዓልና ጾም ስታገኙ አትለፉት።

ቤት ውስጥ ያለው ጉዳይ ከውጭው ይከብዳል። ምክንያቱም ማንም አይናገርም። ለብዙ ቀን እንደ እንግዳ ነበር የያዙኝ። ቤቱ 11 ሰዓት ላይ ይነሳል። እኔ እስከ 3 ሰዓት እተኛለሁ፣ የግቢ ልማድ ነው። እናቴ «ተዪአት ደክሟታል» እያለች ትከላከልልኛለች። ቁርሴ ተከድኖ ይጠብቀኛል። ወንድሜ ደግሞ አነጋገሬን ይቀልድበታል። አራዳ ሆነሽ መጣሽ ይለኛል። ደስ ይላል። ግን እንግዳ ሆናችሁ እስካላችሁ ድረስ የቤቱን ጉዳይ ማንም አያማክራችሁም። እንግዳ ዕዳ አይነገረውም።

ከዚህ የወጣሁት በአረም ነው። ነሐሴ የጤፍ አረም ወቅት ነው። እኛ ሰፈር አረም በወንፈል ነው የሚታረመው። ዛሬ እኛ ማሳ፣ ነገ እነሱ ማሳ። አንድ ቀን ጠዋት ተነስቼ አብሬ ወጣሁ። እጄ ተላላጠ፣ ወገቤ ተቆረጠ። ሴቶቹ «ባለ ዲግሪ አራሚ አገኘን» እያሉ ሳቁብኝ። የእኔን ቀን ግን ለወንፈሉ ቆጠሩልኝ። እናቴ የነበረባትን ቀን እኔ ወጣሁላት። እኔ ስወጣ እሷ ቤት ቀረች። ከዓመታት በኋላ ለዚያ ቤት የሰጠሁት የመጀመሪያ ነገር ያ ነው ብል አልዋሸሁም።

አባቴም የተናገረው ማሳ ላይ ነው። ቤት ውስጥ «ዕዳ አለብን ወይ?» ብዬ ጠይቄው «አንቺ ምን አገባሽ፣ ተማሪ ነሽ» ብሎኝ ነበር። ተመርቄ እንኳ ተማሪ ነኝ። ጎንበስ ብለን ስናርም፣ ዓይን ለዓይን ሳንተያይ፣ ቀስ በቀስ ወጣለት። እኔ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ታምሜ የታከምኩበት ብር በሬ ተሸጦ የመጣ ነው። ከዚያ ወዲህ አባቴ ሲያርስ የቆየው ከጎረቤት ጋር ተቀናጅቶ ነው። የእሱ አንድ በሬ፣ የጎረቤቱ አንድ በሬ። ሁለት በሬ ያለው ሰው በወቅቱ ያርሳል። የተቀናጀ ግን ተራ ይጠብቃል። ዝናቡ ደግሞ ተራ አይጠብቅም። ለዚህ ነው ምርታችን የቀነሰው። እኔ ግቢ ሆኜ «ዘንድሮ ደግሞ ለምን አነሰ?» እያልኩ እጠይቅ ነበር።

በዚያ ላይ ማዳበሪያ አለ። በ2014 የማዳበሪያ ዋጋ ክፉኛ ንሮ ነበር። በቆሎ የሚዘራ ሰው ሊያስቀረው አይችልም። አባቴ ከአንድ ዘመድ ተበድሯል። ለምርቃቴ ደግሞ ለጋዋኑ፣ ለመጽሔቱ፣ ለፎቶውና ለትራንስፖርቱ የላከልኝ ከሌላ ሰው ነው። ይህኛው ነው ያናደደኝ። ፎቶ ላይ ለብሼው የወጣሁትን ሱፍ ለአንድ ቀን ነው የለበስኩት። በዕዳ መሆኑን ባውቅ ተከራይቼ እለብስ ነበር። ዘንድሮ የምትመረቁ፣ ብሩን ከመጠየቃችሁ በፊት ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ። ሱፍ ይከራያል።

በዚያው ሳምንት ደብተር ገዛሁ። ዓመታት የተማርኩት ሒሳብ አይደል። ለማን፣ ስንት፣ መቼ የተበደርነው፣ መቼ እንከፍላለን ያልነው። በሌላ ገጽ ደግሞ ሰው ከእኛ የወሰደውን። ይሄኛው ገጽ አባቴን አስገረመው። እሱ የሚያስታውሰው ያለበትን ዕዳ ብቻ ነው። ያበደረውን ረስቶታል። ወለድ የሚያስከፍለውን ብድር ከላይ ጻፍነው፣ ዘመድን ከታች። አባቴ መጀመሪያ አልተስማማም። «ዘመድ ይቀድማል፣ ያሳፍራል» አለ። ክርክሩ ረጅም ነበር። በመጨረሻ ለዘመዶቹ ራሱ ሄዶ «ከመኸር በኋላ» ብሎ ቀን ቆረጠ፣ ባለ ወለዱን አስቀደምን። ገና ክረምት ላይ ሄዶ ማናገሩ ራሱ ትልቅ ነገር ነበር። ተበዳሪ ሲጠፋ ነው አበዳሪ የሚናደደው።

አካውንቲንግ ያልተማራችሁም ይህን ማድረግ ትችላላችሁ። መደመርና መቀነስ ነው። የሚከብደው ማናገሩ ነው። ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ እንደ መርማሪ አትጠይቁ። አብራችሁ እየሠራችሁ ጠይቁ። በቆሎ ስትፈለፍሉ፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ ስትጠብቁ፣ ገበያ ስትሄዱ።

አሁን ወደ «ሥራ ያዝሽ?» ልምጣ። ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ ሰው የለም። ገበያ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ። መጀመሪያ ላይ እሸማቀቅ ነበር። ጓደኞቼ ከቤት መውጣት ያቆሙት በዚህ ጥያቄ ምክንያት ነው። በኋላ መልሴን ለወጥኩት። «ገና ነኝ፣ የምታውቁት ካለ ጠቁሙኝ» ማለት ጀመርኩ። ጠያቂው ወዲያው ማሰብ ይጀምራል። «ቆይ እስኪ የእህቴ ልጅ» ይላል። አብዛኛው ምንም አያመጣም። አንዳንዱ ያመጣል። ስለ ትዳር የሚጠይቁ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ናቸው። ሽማግሌ ሊልኩ ያሰቡ ነበሩ። አባቴ «መጀመሪያ በሬዬን ትተካ» ብሎ መለሳቸው። ቀልዱን ነው። መሰለኝ።

ሥራው የመጣው ለቅሶ ቤት ነው። አንዲት የሰፈር እናት ጋ ተቀምጠን ልጇ ከገበያ ገባ። አብሮኝ ተምሯል፣ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ወጥቷል። አሁን የበርበሬ ነጋዴ ነው። ቡሬና አካባቢው የበርበሬ አገር ነው። በመኸር ከገበሬ ይገዛል፣ በአይሱዙ ጭኖ አዲስ አበባ ይልካል። እናቱ «ይኸው ሒሳብ ተማርኩ የምትል ልጅ፣ ደብተርህን አሳያት» አለችው። እሱ አፈረ። እኔም አፈርኩ። ግቢ ሳለን ስለ ትልልቅ ድርጅቶች ኦዲት ነበር የምናወራው። እዚህ የቀረበልኝ ጥጉ የተቀዳደደ ደብተር ነው። ዱቤ፣ ቀብድ፣ የመኪና ኪራይ፣ የልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ሁሉም አንድ ገጽ ላይ።

በኅዳር ጀመርን። የበርበሬው ወቅት ነው። የግዢውን ቀን፣ ከማን እንደተገዛ፣ ኪሎውን፣ ዋጋውን ለየሁ። ጆንያ፣ ጫኝና አውራጅ፣ ደላላ፣ መኪና ለብቻ። አዲስ አበባ ሲደርስ ስንት ኪሎ ሆኖ እንደተመዘነ ለብቻ። ችግሩ የታየው እዚህ ጋ ነው። የተገዛው ኪሎና የተሸጠው ኪሎ አይገናኙም። እሱ ሌብነት ነበር የጠረጠረው። ሹፌሩን ሊከስ ደርሶ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። ጠዋት ጠዋት ከገበሬ የሚገዛው በርበሬ በደንብ ያልደረቀ ነው። መጋዘን ሲቆይ ውኃው ይተናል፣ ኪሎው ይወርዳል። የባሰበት ደግሞ ይሻግታል። እሱ የደረቀውንም እርጥቡንም በአንድ ዋጋ ይገዛ ነበር። ከዚያ በኋላ እርጥበት ላለው ዋጋ ቀነሰ፣ ራሱም አስጥቶ አደረቀው። ትርፉ የት እንደሚሄድ ያወቀው ያኔ ነው።

የከፈለኝ ብዙ አይደለም። ግን ለጓደኞቹ ነገራቸው። እዚህ ላይ አካውንቲንግ ለተማራችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያኔ በነበረው ሕግ ዓመታዊ ሽያጩ ከ500 ሺህ ብር በላይ የሆነ ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ነበረበት። ደረጃ «ለ» እና ደረጃ «ሀ» የሚባሉት ናቸው። ገደቡ ይቀያየራልና ወቅታዊውን ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። በየትንሹ ከተማ እንዲህ ያለ ነጋዴ አለ። መዝገብ ያዥ ግን የለም። ብዙዎቹ በግብር ሰሞን ነው የሚሯሯጡት። ከዚያ በፊት፣ በመኸር፣ ወደ ሱቃቸው ሂዱ። ሌላ ሙያ የተማራችሁም የሙያችሁን «በርበሬ ነጋዴ» ፈልጉ። እንስሳት ሕክምና የተማረ የቀበሌያችን ልጅ ዶሮ ለሚያረቡ ሴቶች እየተዘዋወረ ይሠራ ነበር።

በ2015፣ ከፋሲካ በኋላ፣ የአያቴ ሙት ዓመት ሲወጣ የጠላውን ጌሾና ብቅል የገዛሁት በዚሁ ብር ነው። ያለፈኝን ተዝካር አይተካም። ግን እናቴ ለሰው ሁሉ ስትናገር ሰምቻታለሁ።

ያ ሁሉ ሲሆን ብቸኝነት አልነበረም ማለት አይደለም። ግቢ ይናፍቃል። ማታ ማታ ከዶርም ጓደኞቼ ጋር የምናወራው ወሬ እዚህ የሚያወራኝ የለም። አንድ ሰሞን ማልቀስ አብዝቼ ነበር። የረዳኝ ቀላል ነገር ነው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር እሑድ ማታ በቋሚነት እንደዋወላለን። ቴክስት አይደለም፣ ስልክ። ምሽቱ የከፋባችሁ፣ እንቅልፍና ምግብ ከጠፋባችሁ ሰንብቶ ከሆነ ግን ለጓደኛ ብቻ አትተዉት፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ። አንዷ ጓደኛችን ሄዳ ተረድታለች።

ቋሚ ሥራ ያገኘሁት ቆይቶ ነው፣ ከወረዳ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ። ሰሌዳ ያልኩት የእንጨቱን ሰሌዳ ነው። የእኛ አካባቢ የመንግሥት ቅጥር ብዙው እዚያ ነው የሚለጠፈው። ምዝገባው በጥቂት የሥራ ቀን ያልቃል። ከከተማ ወጣ ብሎ ለሚኖር ይህ ከባድ ነው። እኔ በየገበያው ቀን አይ ነበር። በሌላው ቀን ከተማ የሚውል የባጃጅ ሹፌር ዘመዴ ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል። በ2015 መጨረሻ ክልሉ ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲጠፋ ፎቶውም ቀረ። ያኔ በእግርና በሰው አፍ ነበር። መንገዱም አንዳንዴ ይዘጋ ነበር። ባሕር ዳር ለፈተና ተጠርቼ መሄድ ያልቻልኩበት ጊዜ አለ። ማድረግ የሚቻል ነገር አልነበረም።

የቀረው ወረቀት ነው። ይህ አሰልቺ ነው ግን እባካችሁ አንብቡት፣ ከግቢ ሳትወጡ ብታደርጉት ሁለት ቀን መንገድ ያድናችኋል።

ክሊራንስ (የመልቀቂያ ፊርማ) ጨርሳችሁ ቴምፖ (ጊዜያዊ የዲግሪ ወረቀት) እና ስቱደንት ኮፒ (የውጤት ወረቀት) ስትቀበሉ ስማችሁን እዚያው መስኮቱ ላይ ሆናችሁ አንብቡ። በአማርኛም በእንግሊዝኛም። የአባታችሁ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል አጻጻፉ ከ12ኛ ክፍል ወረቀታችሁ ጋር አንድ መሆን አለበት። ከፋይዳ መታወቂያችሁም ጋር። የእኔ ቴምፖ ላይ የአያቴ ስም አንድ ፊደል ተሳስቶ ነበር። ያወቅኩት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። በስልክ ስደውል «በአካል ነይ» ነው። በመጨረሻ እዚያው ከተማ ለቀረች ጓደኛዬ ውክልና ልኬ አስተካከለችው። ወራት ፈጀ።

ቴምፖውን ላሚኔት አታስደርጉት። ማኅተም ላይ ማኅተም የሚጠይቅ ቦታ ሊገጥማችሁ ይችላል። ፎቶ ኮፒ ብዙ አድርጉ። ስካን አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩ። ግን ኔት ይጠፋልና በፍላሽም በወረቀትም ያዙ።

የመውጫ ፈተና እኔን አልደረሰኝም። ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የተጀመረው በ2015 ነው። ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ያላለፈ ደግሞ መፈተን ይችላል። ቤት ገብታችሁ ለድጋሚው የምታነቡ ከሆነ የንባብ ሰዓታችሁን ለቤተሰብ ተናገሩ። ካልተናገራችሁ ቤት ያለ ሰው ሥራ ፈት ይመስላል። ወፍጮ ቤት ትላካላችሁ።

ኮስት ሼሪንግ (የወጪ መጋራት) ደግሞ አለ። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሁሉ የፈረመው ውል ነው። የምግብና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ከፊሉን እኛ እንከፍላለን። ብዙ ልጅ ሲፈርም አያነበውም። የውሉን ቅጂ ከእጃችሁ አታውጡ። ጠቅላላው ስንት ብር እንደሆነ ጻፉት። ስትቀጠሩ መሥሪያ ቤታችሁ ከደመወዝ እየቆረጠ ይከፍልላችኋል። የተቆረጠበትን ደረሰኝ ወይም ደብዳቤ በየዓመቱ ጠይቁ። መሥሪያ ቤት ብትቀይሩ የከፈላችሁት እንዳይጠፋ። ኦሪጂናል ዲግሪው የሚሰጠው ክፍያው ሲጠናቀቅ ነው። የእኔ ገና አላለቀም። ደብተሩ ላይ ከማዳበሪያው ዕዳ ቀጥሎ የራሱ ገጽ አለው። የማዳበሪያው ተከፍሏል። አባቴም አሁን ሁለት በሬ አለው፣ አንዱን የገዛው ራሱ ነው። እኔ ግማሹን ልስጥህ ስለው «ኮስት ሼሪንግሽን ክፈዪ» አለኝ።